ስኳሩ እስኪያስፈራሽ ድረስ

ውድ እታለም፣

ክሬም ካራሜሉን ዘጠኝ ጊዜ ሠርቼ ዘጠኝ ጊዜ አበላሸሁት። የምጽፍልሽ ስለ አሥረኛው ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ዘጠኙ ሳቂብኝ፤ ይገባኛል። አንዱ እንደ ስፖንጅ ተበሳስቶ ወጣ፣ አንዱ እንቁላል እንቁላል ሸተተ፣ አንዱ ደግሞ ከጣሳው አልወርድም ብሎ በቢላዋ ፈልፍዬ አወጣሁት። ሚሊግራም ሳላዛንፍ መድኃኒት የምቀምም ፋርማሲስት፣ ወተትና እንቁላልና ስኳር አቅተውኝ ወጥ ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ብታዪኝ በሳቅ ትፈርሺ ነበር። እማዬ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ማንኪያ ቀምሳለች። ከዚያ ከንፈሯን ገጥማ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። "ይሄ የዚያ ምግብ ቤት አይደለም" ትለኛለች።

አሁን ደግሞ የማያስቀውን ልንገርሽ። መሞትሽን ለእማዬ አልነገርኳትም። ስምንት ወር ሙሉ ዋሸኋት። የልብ ሐኪሟ "ድንጋጤ እንዳይነካት" ብሎኝ ስለነበር እሱን ሰበብ አድርጌ ተደበቅሁበት። አንቺ መንገድ ቀያሽ ስለሆንሽ ወር ሁለት ወር መጥፋትሽ ለእሷ አዲስ አይደለም። "ሩቅ ቦታ ናት፤ ስልክ አይሠራም" አልኳት። የቀብርሽ ዕለት እንኳን "ዛሬ ተረኛ ነኝ" ብያት ወጣሁ። ስመለስ ፊቴን ታጥቤ ምሳዋን አቀረብኩ። ሥጋው ጨው እንደበዛበት ነገረችኝ፣ እኔም ይቅርታ ጠየቅኋት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከአምስት ወር በፊት ግማሽ ጎኗ ሰነፈ። ቀኝ እጇ ጨርሶ አይታዘዝም፣ ከአልጋ አትወርድም። ባለፈው ሰሞን ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምግብ እምቢ አለች። ሾርባውን ትተፋዋለች፣ ገንፎውን እጄን ገፍታ ትደፋው ነበር። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የዚያን ምግብ ቤት ክሬም ካራሜል። ምግብ ቤቱ ተዘግቶ የስልክ መጠገኛ ሆኗል ብላት አልሰማ አለች። ሐኪሙ "ያማራትን ስጪያት፣ ብቻ ትብላ፤ በዚህ ከቀጠለች ብዙ አትቆይም" አለኝ።

እሑዶቻችንን መቼም አትረሺም። እማዬ ግራጫ ካፖርቷን ለብሳ የመስኮቷን ጠረጴዛ ሰው እንዳይቀድመን ታስሮጠን ነበር። ምግቡን ሁሉ ታማርራለች፤ ሥጋው ደረቀ፣ ሩዙ ጠጠረ። ክሬም ካራሜሉ ሲመጣ ግን ዝም ትላለች። አስተናጋጁ ጣሳውን ሳህን ላይ ገልብጦ ቂጡን በማንኪያ ሦስት ጊዜ መታ መታ ያደርገዋል፤ ያ ነገር እየተንቀጠቀጠ ይወርዳል። "እንዲህ ነው እጅ ማለት!" ትላለች። ቀጥላ ወደ አንቺ ትዞርና "አንቺ እንቁላል መቀቀልም አይሆንልሽ፤ ያንቺ እጅ ለድንጋይ ነው የተፈጠረው" ትልሻለች። አንቺ የጠረጴዛውን ልብስ እያየሽ ፈገግ ትያለሽ። ድርሻሽን ወደ እሷ ትገፊና "ጣፋጭ አልወድም" ትያለሽ። አንቺ መስክ በወጣሽ ሰሞን እማዬን ብቻዋን ስወስዳት "ዛሬ ክሬም ካራሜል የለም" ይሉን ነበር። ነገሩን አገናኝቼው አላውቅም። ብልጧ እኔ ነኝ እያልኩ ስኖር።

ዘጠነኛው በተበላሸ ማግስት ጋሽ ሼፍን አፈላልጌ አገኘኋቸው። የምግብ ቤቱ ዋና አብሳይ የነበሩትን፣ ያን ግዙፍ ሰውዬ። አሁን ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ፤ ሆዳቸው እንኳን ቀንሷል። ሶፋ ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀበሉኝ።

"ጋሼ፣ የክሬም ካራሜሉን አሠራር እንዲነግሩኝ ነው የመጣሁት" አልኳቸው።

"እኔ?" ብለው ሳቁ። "እኔ እሱን ሠርቼ አላውቅም ልጄ። የእህትሽ ነው እኮ!"

"የእህቴ?"

"ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ከተማ ባለች ጊዜ ሁሉ፣ እሑድ ጠዋት፣ በጓሮ በር። በሰማያዊ ትሪ አሥራ ሁለት ጣሳ ታመጣልኛለች። 'አደራ ጋሼ፣ እናቴ እንዳትሰማ። ከኔ እጅ መሆኑን ካወቀች አትበላውም' ትለኝ ነበር። እኔ ምን ቸገረኝ! ደንበኛው ሁሉ ወዶት ነበር።"

ስምንት ዓመት እታለም! ስምንት ዓመት ሙሉ ስድብሽን በስምሽ፣ ምስጋናሽን በሌላ ሰው ስም ስትሰሚ እኔ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ማንኪያዬን እልስ ነበር። ሰውየው ፊት አለቀስኩ። ጋሽ ሼፍ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉልኝና እንዲህ አሉ፦

"በርቺ። እሷ ካረፈች በኋላም አንቺ ስላላቋረጥሽ እግዜር ይስጥልኝ። ያኔውኑ ላመሰግንሽ አስቤ፣ ሐዘን ላይ ናት ብዬ ነው የተውኩት።"

"ምኑን ነው ያላቋረጥኩት?"

"ሦስቱን እሑድ ነዋ! ከቀብሩ በኋላ። ትሪውን በር ላይ ትተሽ ትሄጂ አልነበር? ጣሳዎቹ እኮ ገና ለብ እንዳሉ ነበሩ።"

"እኔ አልነበርኩም ጋሼ።"

ፊቴን አዩት። የምቀልድ አለመሆኔን ሲረዱ ብርድ ልብሳቸውን እስከ ደረታቸው ሳቡት። በኋላ ልጃቸውን ጠርተው ከዕቃ ቤት ትሪውን አስመጡልኝ። ከሦስተኛው እሑድ በኋላ ምግብ ቤቱ ስለተዘጋ የሚወስደው ጠፍቶ እሳቸው ጋ ቀርቷል። አሥራ ሁለቱም ጣሳ በጋዜጣ ተጠቅልሎ እላዩ ላይ ነበር። "ውሰጂው፤ እዚህ ባያድር ደስ ይለኛል" አሉኝ።

መንገድ ላይ ምን ትዝ እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ከቀብርሽ በኋላ በነበረችው እሑድ፣ እማዬ እንዳትጠረጥር ብዬ ወደዚያ ወስጃት ነበር። ክሬም ካራሜል ነበራቸው። እኔም በልቻለሁ። መጨረሻው ላይ መረር ይላል፣ ከኋላ ደግሞ የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ይመጣል፤ ያው ነው። አንቺን በቀበርን በአምስተኛው ቀን ያንቺን ሥራ በላሁ።

ቤት ስደርስ ትሪውን ወጥ ቤት ደብቄ ወደ እማዬ ገባሁ። ምንም አልነገርኳትም። ዓይኗን ሳትገልጥ "ስኳሩን ቶሎ እያወረድሽው ነው" አለችኝ።

"ምን አልሽ እማዬ?"

"እስኪያስፈራሽ ድረስ ይቃጠል። ከፈራሽ በኋላ አንድ ትንፋሽ ጠብቂና አውርጂው። እንደዚህ በያት ተብያለሁ።"

"ማን ነው ያለሽ?"

"እህትሽ ናታ!"

"ደውላ ነው?"

"ስልክ አይሠራም ስትዪኝ አልነበር እንዴ? እዚያ ነው የምትቀመጠው።" በግራ እጇ ቁም ሣጥኑ አጠገብ ያለውን ወንበር አሳየችኝ።

ያን ወንበር ታውቂዋለሽ፤ ልብስ የምከምርበት ነው። ጠዋት የከመርኩት ልብስ ተጣጥፎ መሬት ላይ ተደርድሯል። ከወንበሩ ሥር ደረቅ ጭቃ አለ፤ የቦት ጫማ ሶል ቅርጹ ሳይፈርስ።

"ጫማዋን ሳታወልቅ ትገባለች፤ እንዳትቆጪያት" አለች እማዬ። "ቸኩላ ነው። 'ክሬም ካራሜሌን በልተሽ ስትጨርሺ አብረን እንሄዳለን' ብላኛለች።"

ጭቃውን ጠረግሁት። ከዚያ ሁለት ቀን ሥራ ቦታ መድኃኒት እያደልኩ ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። ካልሠራሁላት በረሃብ ትሞትብኛለች። ከሠራሁላት አንቺ ትወስጃታለሽ። እንዳንቺ ያለ ሰው እናቱን ሊወስድ ይመጣል ብዬ ማሰቤ ራሱ አሳፈረኝ፤ ግን ፈራሁሽ እታለም። የገዛ እህቴን ፈራሁ። በመጨረሻ እሑድ ሆነ፣ እማዬ ውሃም አልዋጥ አላት፤ ተርባ እያየኋት መከልከል አልሆነልኝም።

ስኳሩን ጣድኩ። ወርቅ መሰለ፤ እስከ ዛሬ እዚህ ላይ ነበር የማወርደው። ቡናማ ሆነ። ከዚያ ጠቆረ፣ ጭሱ ወጣ፣ ቤቱ የሚቃጠል መሰለኝና ፈራሁ። አንድ ትንፋሽ ጠበቅሁ። አወረድኩት። ጣሳዎቹን ሞልቼ፣ ውሃ ያለበት ትሪ ውስጥ ደርድሬ ኦቭን ውስጥ አስገባሁና እሳቱን እንደ ወትሮው መካከል ላይ አደረግሁት። እማዬን አገላብጬ ስመለስ የእሳቱ መዘውር ዝቅተኛው ላይ ነበር። አልነካሁትም። ዘጠኝ ጊዜ የተበላሸብኝ ለካ በእሳቱ ብዛት ኖሯል፤ ቆሜ "አመሰግናለሁ" አልኩ፣ ለማን እንደምናገር እያወቅሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሳህኑን ይዤ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጣሳውን ገልብጬ ሦስት ጊዜ መታሁት። አንድም ቀዳዳ ሳይኖረው እየተንቀጠቀጠ ወረደ። አንድ ማንኪያ ዋጠች። ከዚያ አፏን እንደ ወፍ ጫጩት ከፍታ ጠበቀችኝ። ጨረሰችው፤ ሳህኑ ላይ የቀረውን የስኳር መረቅ ሳይቀር።

"እንዲህ ነው እጅ ማለት!" አለች።

አሁን ካልነገርኳት መቼም አልነግራትም ብዬ "እማዬ፣ ይሄ የምግብ ቤቱ አይደለም። የእታለም ነው። ድሮም የእሷ ነበር" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው እሑድ። የልጄ እጅ ይጠፋኛል?"

"ታዲያ ለምን ትሰድቢያት ነበር? አንድ ቀን እንኳን ብትነግሪያት ምን ነበረበት?"

"ማወቄን ብታውቅ እዚሁ ሠርታ አስቀምጣልኝ ወደ መንገዷ ትሄዳለች፤ ብቻዬን እበላዋለሁ። እዚያ ግን ሦስት ሆነን እንቀመጥ ነበር። ስድቡን አብዝቼዋለሁ። እሱ ይቆጨኛል፤ ይቅር በይኝ ብያታለሁ።"

"እማዬ፣ እታለም እኮ…"

"እሱንም አውቃለሁ። እሷ ሳትኖር ክሬም ካራሜል ኖሮ አያውቅም። ያን ሰሞን ጣሳዋ መጥቶ እሷ ስትቀር ነው የገባኝ። በይ አሁን ሌላ አምጪና ወንበሩ ላይ አድርጊ።"

አመጣሁ። ጣሳውን ሳልገለብጠው ከሳህንና ከማንኪያ ጋር ወንበሩ ላይ አስቀምጬ፣ ለእማዬ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ውሃው እየወረደ ሳለ ከመኝታ ቤት ሦስት ጊዜ ሲመታ ሰማሁ። ስመለስ የእማዬ ሁለት እጆች ብርድ ልብሱ ውስጥ ናቸው። ጣሳው ሳህኑ ላይ ተደፍቷል፣ ባዶ ነው፤ ማንኪያውም ተልሶ አጠገቡ ተጋድሟል። አንቺ ጣፋጭ አትወጂም ነበር እኮ። ለካ እሱም ውሸትሽ ነው።

ከዚያ ወዲህ አምስት ቀን ሆነ። እማዬ አለች፤ ሾርባ ትቀበላለች፣ ትናንት ገንፎው ቀጠነ ብላ ተቆጣችኝ። ደስ ብሎኛል። ወንበሩ ግን በየቀኑ አንድ ስንዝር ወደ አልጋው ይጠጋል። እለካዋለሁ፤ አመሌ አይደል። በዚህ ከቀጠለ እሑድ አልጋው ጋ ይደርሳል።

ልመናዬ ይኸው ነው። ለእሑድ አሥራ ሁለቱንም ጣሳ እሞላለሁ። ጠረጴዛውን አልጋዋ አጠገብ አስጠግቼ በሦስት ሰው ልክ አሰናዳለሁ። ነይ፣ ጫማሽንም አታውልቂ፤ ጭቃውን እኔ እጠርጋለሁ። የፈለግሽውን ያህል ብዪ፣ ስምንት ዓመት 'ጣፋጭ አልወድም' እያልሽ ያለፈሽንም ጭምር። በየሳምንቱ ነይ። ስትሄጂ ግን ብቻሽን ሂጂ እህቴ። እማዬ ብቻዋን መብላት እንደፈራችው እኔም እፈራለሁ።

ወንበሩን አሁን ቁም ሣጥኑ ጋ መልሼ ይህን ደብዳቤ እላዩ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ጠዋት እዚያው ቆሞ ካገኘሁት እሺ ማለትሽ ነው።

ፈሪዋ ታናሽሽ