ያልተቀዳው የሰማይ ፕሮግራም

ሰኞ፣ ኦክቶበር 4፣ 2021። ምሳ ብሬክ

ኒው አልባኒ፣ የምሠራበት ዌርሃውስ መኪና ማቆሚያ። መኪና ውስጥ ነኝ። ሳንቡሳዬን አልነካሁትም። ደብተሬ፣ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ታገሠኝ፤ መሪው ላይ አስደግፌ ነው የምጽፍብህ።

ከሆስፒ. ኮል አደረጉ። የአባዬ የኦፕራሲዮን ቀን ተቆረጠ፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ጠዋት። ዶ/ሩ ያው ነው ያለው። ካንሰሩ ማንቁርቱን ይዞታል፣ ማንቁርቱ ይወጣል። ነፍሱ ትተርፋለች፣ ድምፁ አይተርፍም። ከዚያ ወዲያ እየጻፈ ነው የሚያናግረኝ።

ድምፁ እኮ! ቴሌቪዥን አገራችን በገባ ሰሞን፣ ገና ጥቁርና ነጭ ሳለ፣ በየሳምንቱ ስለ ጨረቃና ስለ ሮኬት ለሕዝብ ያስረዳ የነበረ ድምፅ። ሰው ቴሌቪዥን ያለበት ቤት በር ላይ ተኮልኩሎ ይሰማው ነበር አሉ። "አሉ" ነው እንግዲህ፤ እኔ አልደረስኩበትም። አንዱም አልተቀዳ። ሁሉም በቀጥታ ነበር። አየር ላይ ወጣ፣ አለቀ።

ስልክ በኪሴ ይዤ ይኼም ሊያመልጠኝ? ሞቼ ነው ቆሜ! ዛሬ ማታ ራት ላይ እነግረዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 5

ድምፅህን ልቅዳው ብለው እምቢ አለ።

እንዲህ የሻከረ ድምፅ ለሰው ጆሮ ነውር ነው አለ። የሚያስታውሰኝ በድሮው ያስታውሰኝ አለ። የድሮውን ማን ያስታውሳል፣ አልኩት። አፌን በቆረጠው! ቀና ብሎ አየኝና ብሮድ ስትሪትን ወደሚያሳየው መስኮት ዞረ። አውቶቡስ ሲያልፍ ያያል። ራቱን ሳይጨርስ ተነሣ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 9

ጉድ ሠራሁ።

ጠዋት ከአንድ ጓደኛው ጋር በስልክ እየሳቀ ያወራል። ስንት ጊዜ ሆነው ከሳቀ! ሰይጣን ይሁን መልአክ እንጃ፣ ስልኬን ሪኮርድ አድርጌ ከስኳሩ ዕቃ ጀርባ ሸጎጥኩት። ሻይ ሊያጣፍጥ ስኳሩን ሲያነሣ አገኘው።

አልተቆጣም። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር አባዬ። ስልኩን ሰጠኝና አጥፊው አለ። ዓይኑ እያየ አጠፋሁት። እኔ ሌባ ወለድኩ እንዴ፣ አለ። ክፍሉ ገባ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 12። ከሥራ በፊት

ከቅዳሜ ወዲህ አንድ ቃል አልወጣውም። ሻይ ሲፈልግ ኩባያ ያነሣል። እንደምን አደርክ ስለው በራሱ ይነቀንቃል። ቆሽቴ አረረ! ሊወስዱበት ትንሽ ቀን የቀረውን ድምፅ እሱ ራሱ ዘጋው። በእኔ ጥፋት። እሱ ግትር፣ እኔ የግትር ልጅ። በሩ ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሬዲዮውን ከፍ አደረገ።

ፈራሁ ደብተሬ። የመጨረሻ ቃሉ ያ የ"ሌባ" ነገር ሆኖ ቢቀርስ?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 14

መላው ቢጠፋኝ እዚሁ ጎረቤት ከተማ ጋሃና ሄድኩ፣ እትዬ አስካለ ቤት። አገር ቤት ከአባዬ ጋር እዚያው ቴሌቪዥን ጣቢያ ይሠሩ ነበር፤ እዚህ መጥተው ኤርፖርት ጽዳት ሠርተው ጡረታ ከወጡ ቆዩ። የእሳቸው ሥራ ጨረቃን መያዝ ነበር። እውነቴን ነው! አባዬ በካሜራው ፊት ያስረዳል፤ እሳቸው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጠው በዱላ የተሰካች ብርቱካን በአንዲት ኳስ ዙሪያ ያዞራሉ። ብርቱካኗ ጨረቃ፣ ኳሷ ምድር መሆናቸው ነው።

ሳለቅስ አይተው ሳቁብኝና የድሮ ነገር አጫወቱኝ። አንድ ቀን ፕሮግራሙ መሃል አስነጠሳቸው። ብርቱካኗ ከዱላው ወጥታ ካሜራው ሥር ተንከባለለች። አባዬ ምንም ሳይደነግጥ፣ የእውነቷ ጨረቃ ለምን እንደማትወድቅ በሚቀጥለው ሳምንት እነግራችኋለሁ አለ። መልሱን ራሱም አላዘጋጀውም ነበር! ሳምንቱን ሙሉ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ከረመ። በሚቀጥለው ሳምንት በሰዓቱ ሌላ ነገር ተላለፈ። ከዚያም ፕሮግራሙ ታጠፈ። ሳይናገረው ቀረ።

ቅዳሜ እመጣለሁ፣ አንቺ ዝም በይ፣ አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 16። ከሰዓት

ሳይረሳኝ ልጻፈው።

እትዬ አስካለ ማስካቸውን አጥልቀው፣ ብርቱካን በዱላ ሰክተው ሳሎን ገቡ። እንደምን ዋልክም የለ። ጋሼ ወርቅነህ፣ ሰዓት ደርሷል፣ አሉ። አባዬ ብርቱካኗን አየ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ስቆ ነው ወይስ ሌላ፣ አላወቅኩም።

በቃ፣ ከስንት ቀን በኋላ አፉን ከፈተ! እናደርገዋለን፣ ግን አይቀዳም አለ፣ እኔን እያየ። አይቀዳም አልኩ። እግዜር ያውቃል፣ ከልቤ ነበር። ድምፁን ከሰማሁ ይበቃኛል።

ክራቫት አሰረ። እትዬ አስካለ በዚያ ጉልበታቸው ወገቤን እያሉ ጠረጴዛው ሥር ገቡ። ምድር እንድትሆን ጠረጴዛው ላይ ኳስ አስቀምጬ የማንበቢያ መብራት አበራሁባት፤ መብራቱ ፀሐይ መሆኑ ነው። ካሜራ ካላየሁ አይመጣልኝም አለኝ፤ ስልኬን መጽሐፍ ላይ አቆምኩለት። ቆመ። ስልኩን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

አይናገርም።

ደቂቃ ሄደ። እትዬ አስካለ ከሥር፣ ኧረ እጄ ዛለ! ይላሉ። አባዬ ላብ አጠመቀው። ቀዩ መብራትስ፣ አለኝ። ስቱዲዮ ውስጥ ካሜራው ላይ ቀይ መብራት ካልበራ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ሲበራ ሕዝቡ አለ ማለት ነው።

አባዬ፣ የስልኩ ቀይ የሚበራው ሲቀዳ ብቻ ነው አልኩት። መዋሸት እችል ነበር፤ አልፈለግኩም።

ብርቱካኗን አየ፣ እኔን አየ።

አብሪው፣ አለ።

አበራሁት። ትከሻው ቀጥ አለ። በዚያ በሻከረ ድምፁ፣ "እንደምን አመሻችሁ ተመልካቾቻችን። ባለፈው ሳምንት ጨረቃ ወድቃብን ነበር።"

ጠረጴዛው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። እሱ አልሳቀም፣ ሥራ ላይ ነው። ጨረቃ ሁልጊዜ እየወደቀች ነው አለ። ግን ወደ ጎንም ትሮጣለች፤ ስለዚህ ምድርን ትስታለች። ስትወድቅ፣ ስትስት፣ ትዞራለች። ሁለት ጊዜ ድምፁ ተቆረጠ፣ ውሃ ጠጥቶ ቀጠለ። እኔ ማልቀሴን ስልኩ እንዳይሰማ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 18። ጠዋት

ሆስፒ. ፓርኪንግ። በኮቪድ ምክንያት ከበሩ መለሱኝ። ሲያስገቡት ዞር ብሎ፣ የመኪናውን መስኮት ዝጊ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው አለኝ። የድምፁ መጨረሻ ይኸው ነው። ዘጋሁት።

ስልኬ ጭኔ ላይ ነው። ፕሮግራሙ እዚያ ውስጥ አለ። ልከፍተው ጣቴን ሰድጄ መለስኩት። ለእኔ የቀዳሁት መስሎኝ ነበር እኮ። አሁን ገና ነው የገባኝ፤ አባዬም አይቶት አያውቅም። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲያየው እሱ ስቱዲዮ ውስጥ ነበር። በሕይወቱ አንድም ቀን የራሱን ፕሮግራም አላየም።

ወስኛለሁ። እስኪወጣ አልከፍተውም። መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው።