ሩብ ሰዓቱ የካህናት ነው ይላሉ

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ። ሚካኤል።

እምቢ አለኝ። ቁጭ በይ እንኳ ሳይለኝ እምቢ አለኝ።

ጓድ ታደሰን ማለቴ ነው፤ የቀበሌያችን የቅስቀሳ ኃላፊ። «እትዬ ደብሬ፣ ሩብ ሰዓቱ የካህናት ነው፤ ተስማምተን የሰጠናቸው ነው» አለኝ። ማን ከማን ጋር ተስማማ? እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

ነገሩ እንዳይምታታብኝ ከመጀመሪያው ልጻፈው። መጻፍ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እጄም ቀርፋፋ ነው። ቢሆንም የሚያስቸኩለኝ የለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ ቀበሌው ጣሪያ ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ይከፈታል። መጀመሪያ ሩብ ሰዓት የሃይማኖት አባቶች ምክር ይሰጣሉ፤ ሦስቱን ቅዳሜ ቄስ፣ አንዱን ቅዳሜ ሼህ። ከዚያ ቅስቀሳው ይቀጥላል። ካህናቱን ያስቀደሟቸው ስለሚወዷቸው አይደለም። ቅስቀሳ ብቻ ሲሆን ሰው አህያውን እየነዳ ይበተናል። የቄስ ድምፅ ሲሰማ ግን ነጠላውን አስተካክሎ ይቆማል።

በዚያ ሩብ ሰዓት ነው መምሬ ካሳ «ጠበል የገባ ሰው መርፌ አይወጋም፤ በሁለት ልብ የሚጠመቅ አይድንም» ያሉት። መምሬ ካሳ የነፍስ አባቴ ናቸው። ልጄ ብርቄ ያን ጊዜ በሳንባ በሽታ በየቀኑ መርፌ ትወጋ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ትወጋ ተብሎ ገና ሃያ ሦስት ቀኗ ነበር። ሳሏ ቀንሶ ነበር። እህል መቅመስ ጀምራ ነበር። በዐቢይ ጾም ጠበሉም ይጨመርላት ብዬ ስንቅ አዘጋጅቼ ሳለሁ ያን ቃል ሰማሁ። መርፌውን አስተውኳት። እኔ ነኝ ያስተውኳት፤ ሌላ ሰው አይደለም። «እማዬ፣ ደምስ ይቆጣል» አለችኝ። ደምስ ጤና ረዳቱ ነው። «ይቆጣ» አልኳት።

ሚያዝያ 8 ቀን ሞተች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። የፊታችን እሁድ አርባዋ ነው።

ለጓድ ታደሰ ያልኩት ይህን ነው። ካህናቱ ይናገሩ፤ ማንም ዝም በሉ አላላቸውም። ከሩብ ሰዓቱ ግን ጥቂቷን ቄስም ሼህም ያልሆነ ሰው ይናገርባት። ጤና ረዳት። አዋላጅ። ልጅ የቀበረች እናት።

«ሃይማኖትሽን ተውሽ ማለት ነው?» አለኝ እየሳቀ። ጠዋት ሚካኤልን ተሳልሜ ነው የመጣሁት አልኩት። ሳቁን ተወ። እምቢታውን ግን አልተወም።

«የብዙ ሰው ጥያቄ ቢሆን እናየው ነበር። ያንቺ የብቻሽ ነው።»

የብቻዬ!

ግንቦት 13፣ ረቡዕ።

የብቻዬ አይደለም። አሳየዋለሁ።

ከመሠረተ ትምህርት ደብተሬ ሁለት ገጽ ቀደድኩና ከላይ ጥያቄውን ጻፍኩ። ስሙን መጻፍ የሚችል ይጻፍ፣ የማይችል በጣቱ ይፈርም። ቀለሙን ሐዋ አመጣችልኝ። ሐዋ ጨውና በርበሬ የምትቸረችር ጎረቤቴ ናት፤ ጆንያዎቿ ላይ ምልክት የምታደርግበት ሰማያዊ ቀለም አላት። ከሁሉም ቀድማ ፈረመች።

«የኛም ሼህ ስለ ወሊድ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲያስተምሩ ቆሜ ሰምቻለሁ። ወላሂ፣ አንድ ቀን ምጥ ይዟቸው አያውቅም» አለች።

ከብርቄ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። ወዲያው በሳቄ ተናደድኩ። ሐዋ አየችኝ። «አብሽሪ እታለም። እሷም ብትሰማ ትስቅ ነበር።»

የፈረሙ፦ የሰፈራችን አዋላጅ። ከመሠረተ ትምህርት አብረውኝ የሚማሩ አሥራ አራት ሴቶች። የዲያቆኑ እናት፣ ሦስት ጊዜ አማትባ። ሁለት ወንዶች፣ ሁለቱም ልጅ የሞተባቸው። አንዲት አሮጊት «በጣት የፈረመ ሚሊሺያ ይገባል ወይ?» አለች። ሐዋ «በዚህ ዕድሜሽ ማን ይወስድሻል?» ስትላት «እንግዲያ ምን ቸገረኝ» ብላ አውራ ጣቷን እስከ አንጓው ነከረችው።

ደምስ አልፈረመም። «የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ያለ ፈቃድ አፌን ብከፍት በሳምንቱ ሩቅ አገር ወገል ጤና ተዛውሬ ታገኚኛለሽ» አለኝ። አልተቀየምኩትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። ያን ጊዜ ጠበል ልወስዳት ነው ብልህ ኖሮ ምን ትለኝ ነበር?

«ጠዋት ትጠመቅ፣ ከሰዓት እኔ ጋ ትምጣ እልሽ ነበር። ጠበሉን ማን ከለከለ?»

ይህችው ናት። ጠዋት ትጠመቅ፣ ከሰዓት ትምጣ። ለመናገር ምን ያህል ጊዜ ትፈጃለች? ሩብ ሰዓት ይቅርና አንድ ትንፋሽ አትሞላም። ለምን አልጠየቅኩትም? ያ ሁሉ ድምፅ ከጣሪያ ላይ ሲጮህ ይህች ቃል ብቻ አልተሰማችም።

ማታ ቆጠርኩት። ሠላሳ አንድ።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ።

ቀለሙ አይለቅም! የጆንያ ቀለም መሆኑን እንዴት ረሳነው? ዝናብ እንዳያጥበው የተበጀ ነው። ሴቶቹ በአመድ አሹት፣ በእንዶድ አሹት፣ በሎሚ አሹት። አውራ ጣታቸው ሰማያዊ እንደሆነ አደረ።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። መምሬ ካሳ መስቀል ሲያሳልሙ የአንዷን ጣት አዩ፣ «ምን ነካሽ ልጄ?» አሏት። የሁለተኛዋን አዩ። የሦስተኛዋን አዩ። አራተኛዋ ሳትጠየቅ ሁሉንም ዘረገፈችው።

ረፋዱ ላይ ሁለት ሴቶች መጥተው «ከወረቀቱ ፋቂን» አሉኝ። እንዴት ልፋቅ? ስም ቢሆን እሰርዘው ነበር። ጣት እኮ ነው። ሲመለሱ አንዷ እያለቀሰች ነበር። ተቆጣኋት። አሁን ይቆጨኛል።

ከሰዓት መምሬ ራሳቸው መጡ። መስቀሉን ዘረጉልኝ፤ ተሳለምኩ። አልተሳለምኩም ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። መደቡ ላይ ተቀመጡ፣ ውኃ ሰጠኋቸው።

«ወለተ ማርያም» አሉኝ በክርስትና ስሜ፣ «እኔን ልትከሺኝ ነው?»

«ልከስዎ አይደለም መምሬ። ሌላም ሰው ይናገር ነው ያልኩት።»

«ዛሬ ለጤና ረዳቱ ብንለቅለት ነገ ካድሬው ይቀመጥበታል። መሬታችን ሄደ። የቀረችን ያቺው ሩብ ሰዓት ናት ልጄ።»

ይህ ቃላቸው ያዝ አደረገኝ። እውነት አለው። ግን የኔስ? እኔ የቀረችኝ ብርቄ ነበረች። አባቷን ድርቁ ወስዶታል።

«ስለ መርፌው ያሉትን ያስታውሱታል?» አልኳቸው።

«ከአባቶቼ የሰማሁትን ነው የተናገርኩት።»

«ብርቄም ሰምታዎት ነበር።»

ውኃውን ሳይጨርሱ ተነሡ። በር ላይ ሲደርሱ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ቅዳሜ ገበያ መሐል ካዋረድሽኝ እሁድ አርባዋ ላይ አትጠብቂኝ» አሉ።

ይህን ስጽፍ እርሳሱ ተሰበረ። በቢላ ቀርጬ እንደገና ጀመርኩ። የልጄን ፍትሐት እንደ በሬ ገመድ ይዘው ሊጎትቱኝ ነው! ሌላ ቄስ ብለምን አይመጣልኝም፤ የሌላውን የንስሐ ልጅ ማን ይነካል? ይህን ስለሚያውቁ ነው። በሕይወቷ ጊዜ አንድ ቃል ተናግረው ሄዱ። ከሞተች በኋላ ደግሞ በነፍሷ ይደራደሩኛል።

ግንቦት 15፣ ዓርብ።

ጓድ ታደሰ አስጠራኝ። ዛሬ ወንበር ሰጠኝ። ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።

«ጥያቄሽ ተቀባይነት አግኝቷል። ነገ ከሩብ ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ያንቺ ናት» አለኝ። ስገባ የሰጠሁት ወረቀት ከነሠላሳ አንዱ ጣት ከፊቱ ተዘርግቷል። ልቤ ዘለለች። ከዚያ በታይፕ የተጻፈ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። «ይህን ታነቢያለሽ።»

ቀስ ብዬ አነበብኩት፤ እሱ እስክጨርስ ጠረጴዛውን በጣቱ ይደበድባል። «የአድኃሪ ቀሳውስት ሴራ ሰለባ የሆንኩ ጭቁን እናት» ብሎ ይጀምራል። ብርቄ የሚል ፈለግኩ። የለም። ሳንባ የለም። መርፌ የለም። ጠዋት ትጠመቅ፣ ከሰዓት ትምጣ የሚለው የለም። መጨረሻው መፈክር ነው።

«ይህ የኔ ቃል አይደለም» አልኩት።

«ያንቺ ቃል ለሰፊው ሕዝብ አይገባውም።»

«ሰፊው ሕዝብ ጎረቤቴ ነው። መምሬ ሴራ የላቸውም። ተሳሳቱ። እኔም ተሳሳትኩ። ይህን ነው የምናገረው።»

«ወይ የተጻፈውን ታነቢያለሽ፣ ወይ ሩብ ሰዓቱ እንደነበረው ለካህናቱ ይቀራል። ምርጫው ያንቺ ነው።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ። አንደኛው ዝም በይ ይለኛል። ሌላኛው አፍሽን አውሺኝ ይለኛል። ሁለቱም ብርቄን አያውቋትም። አይ፣ መምሬስ ያውቋት ነበር፤ ያጠመቋት እሳቸው ናቸው። እያወቋት መሆኑ ደግሞ ይብሳል።

ለአርባዋ ገብስ አጥቤ አሰጣሁ። ሐዋ ልታግዘኝ መጥታ «ነገ ምን ልታደርጊ ነው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው፤ አላውቅም።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ። ኪዳነ ምሕረት።

ፊደሎቼ ሁሉ ጋደል ብለዋል።

ገበያው ሞልቶ ነበር። ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል የወረዱት ገበሬዎች ገብስና ፍየል ይዘው ቆመዋል። ስድስት ሰዓት ሲል ድምፅ ማጉያው ተከፈተ። መምሬ ካሳ የቀበሌው በረንዳ ላይ ወጥተው ስለ እመቤታችን ኪዳን ጀመሩ። ደስ የሚል አነጋገር አላቸው፤ ይህን ማንም አይክዳቸውም። እኔ ሰው መሐል ቆሜ ስሰማ ንዴቱ መጣብኝ። እግሬ ሲሄድ አየሁት።

ደረጃው ላይ ሚሊሺያው «ወዴት ነሽ?» አለኝ።

«የነፍስ አባቴን አንድ ነገር ልጠይቅ።»

ዘወር አለልኝ። ምን ያድርግ? በእኛ አገር የንስሐ ልጅ አባቷን ባገኘችበት ትጠይቃለች፤ መንገድ ላይም፣ አዝመራ ላይም። እሳቸውም መመለስ አለባቸው። ወጥቼ መስቀሉን ተሳለምኩ። ማይክራፎኑ በሌላ እጃቸው ነበር።

«መምሬ፣ እኔ የብርቄ እናት ነኝ። አንድ ነገር ይፍረዱልኝ። ጠበል የገባ ሰው መርፌውን ይተው ወይስ አይተው?»

ድምፄ ከጣሪያው ላይ ተመልሶ ሲመጣ ደነገጥኩ። የሌላ ሴት መሰለኝ። ገበያተኛው ወደ በረንዳው ዞረ።

ማይክራፎኑን ሊያዞሩት ይችሉ ነበር። አላዞሩትም። ምናልባት ደንግጠው ይሆናል፤ ምናልባት ሌላ። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ቆየ። ቢጎትቱኝም አልወርድም ብዬ ቆምኩ።

«አላውቅም» አሉ። ምራቃቸውን ዋጡ። ያም ተሰማ። «ይህን እኔ አላውቅም። የሚያውቀውን ጠይቂ።»

ቄስ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ሰውም አልሰማም መሰለኝ፤ እርስ በርሱ ተያየ። እኔ ዞሬ «ደምስ!» አልኩ። ከበጎቹ ጎን ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሐዋ ከኋላው ገፋችው። «ሂድ እንጂ! መምሬ እኮ ናቸው የጠሩህ፤ ማን ይቆጣሃል?»

መጣ። እየተንተባተበ ተናገረ። ጠዋት ተጠመቁ፣ ከሰዓት ኑ። ሳሉ ቢቀንስም መርፌውን አታቋርጡ። ያቋረጣችሁ ካላችሁ ተመለሱ፤ አልቆጣም። በቃ፣ ይህን ብቻ። አንድም ሰው አህያውን አልነዳም።

ጓድ ታደሰ ያንን ወረቀት ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር። የሱ ተራ ሲደርስ ገበያተኛው ተበተነ።

መምሬ ሳያዩኝ ወረዱ። ሴቶቹ አቀፉኝ፤ አሸነፍሽ ይሉኛል። ምኑን? ተሳሳትኩ እንዲሉ ነበር የፈለግኩት። አላውቅም አሉ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ግንቦት 17፣ እሁድ።

ሰኞ ጠዋት ቀበሌ ቅረቢ የሚል ቁራጭ ወረቀት በበሬ ሥር አገኘሁ። ምክንያት አልተጻፈበትም። አጥፌ ደብተሬ ውስጥ አኖርኩት።

መምሬ ካሳ መጡ። ሰው ሁሉ ተቀምጦ፣ ተስፋ ቆርጬ፣ እንግዲህ እንብላ ብዬ ልናገር ስል መጡ። ቆመው ፍትሐቱን ደገሙ፤ አላሳጠሩትም። ስሟን በክርስትና ስሟ ጠሩ። እህል አልቀመሱም። እግዜር ይስጥልኝ አላልኳቸውም፤ አፌ አልታዘዘልኝም። በር ድረስ ግን ሸኘኋቸው።

«ለመጪው ቅዳሜስ መምሬ? ሌላ ሰው ይናገራል?»

«መጪው ቅዳሜ የሼሁ ተራ ነው» አሉና ሄዱ።

ሐዋ ከኋላዬ ሰምታ ኖሯል። «እሱን ለኔ ተዪው» አለች።

ደምስ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ከሥራው ሳይታጠብ። ወገል ጤና መቼ ነው የምትሄደው ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዎች ፀጉራቸው እንደረጠበ ከጠበል በቀጥታ መጡብኝ አለኝ። አንዷ ከብርቄ በሁለት ዓመት የምታንስ ልጅ ናት። መርፌዋን በዘጠኝ ቀኗ አቋርጣ ነበር። እናቷ ከውጭ ቆማ አልገባ አለች፤ አፈረች።

«ወጋሃት?»

«ወጋኋት። ነገም ትመጣለች ብላኛለች እናቷ።»

ስሟን ልጠይቀው ብዬ ፈራሁ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ያ ንዴት ተመለሰ፣ እንደ አዲስ። ብርቄም ነገ ትመጣለች ተብላ ነበር።

ትምጣ ብቻ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም ትምጣ።