የታጠቡት ወራጆችና የአማቴ የመግቢያ ፈቃድ

ለተከበሩ የካቴድራላችን መልሶ ግንባታ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉሮሮዎስ? ካቴድራሉ ከተቃጠለ ዓመት ሳይሞላው አሥራ ሰባት የሐዘን ንግግር ማድረግ ቀላል ሸክም አይደለምና ድምፅዎ እንዳይዘጋ ቤተሰቤ በሙሉ ስጋት ላይ ነው። እኔ በዚያ ጣሪያ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁ አናጢ ነኝ። ሙያውን ያስተማሩኝ፣ በኋላም ልጃቸውን የዳሩልኝ አማቴ ደግሞ እዚያው አርባ አንድ ዓመት ሠርተዋል፤ ባለቤታቸው ምሳ ቋጥረው መሰላሉ ሥር ቆመው ይጠሯቸው ነበር፣ እሳቸውም «መጣሁ» ብለው ማታ ይወርዱ ነበር።

እሳቱ የተነሳ ዕለት አደባባዩ ላይ ቆመን አለቀስን። እርስዎም ማልቀስዎን በቴሌቪዥን ተመልክተናል። የእኛን እንባ የቀረጸው ባይኖርም እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም፤ አማቴ ግን አላለቀሱም፤ የትኛው እንጨት እንደወደቀ በድምፁ እየለዩ ይቆጥሩ ነበር።

ከአመዱ ውስጥ ጣሪያውን ከተሸከሙት እንጨቶች፣ ሁለት መቶ ያህል ወራጆች ዳር ዳራቸው ጠቁሮ ተረፉ። የዚያ ጣሪያ ወራጆች ያለ ምስማር የተጋጠሙ ናቸው፤ እያንዳንዱ ለራሱ ቦታ ተለክቶ የተጠረበ ስለሆነ የአንዱ ጫፍ ለሌላው ተብሎ በተፈለፈለ ጉድጓድ አይገባም። አማቴ ዓይናቸው ስለደከመ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እኛ እንጨቱን እያገላበጥንላቸው፣ ጫፉን በጣታቸው እየዳሰሱ ቦታውን ይነግሩናል፤ ከዚያም በራሳቸው እጅ፣ በነጭ ጠመኔ፣ ጎኑንና ረድፉን ይጽፉበታል። ሰባት ሳምንት ፈጀብን። ኮሚቴዎ ማኅተም ያረፈበት መዝገብ እስኪያሳትም ድረስ በተራ ደብተር መጻፍ ክልክል መሆኑ በደብዳቤ ስለተገለጸልን ሌላ ቦታ አልጻፍነውም። ትእዛዝ አክባሪነታችን እስካሁን ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ በተራ ቁጥር እገባለሁ።

፩. ወራጆቹን ስላሳጠቡልን እናመሰግናለን። ከሩቅ የመጡ ክቡራን እንግዶች ሐዘናቸውን ሲገልጹ ልብሳቸው ጥላሸት እንዳይነካው ታስቦ፣ ሁለት መቶ እንጨት በአንድ ቀን በውሃ ግፊት ታጥቦ ቫርኒሽ ተቀባ። ከጽዳት ሠራተኞቹ አንዷ ጠመኔውን አይታ «ይሄ ጽሑፍ አይደል እንዴ?» ብላ ብትጠይቅ፣ አለቃዋ «ቆሻሻ ነው፣ እጠቢው» አሏት ይባላል። በዚያ ቅጥር ግቢ ውስጥ ማንበብ የምትችል አንዲት ሰው መገኘቷ ያጽናናል። እንጨቶቹ በእውነት ያብረቀርቃሉ፤ እንግዶቹም እየዳሰሱ ፎቶ ሲነሱ ልባቸው ቅቤ ጠጥቶ ነበር።

፪. ከታጠቡ በኋላ በቁመታቸው ስላሰለፏቸውም ምስጋናዬ ይድረስዎ። አጭሩ ከፊት፣ ረጅሙ ከኋላ። ተቋራጩ በሚቀጥለው ወር በዚሁ ሰልፍ ወደ ላይ ሊያወጣቸው እንደሆነና አልገባም ያለውን በመጋዝ እንደሚያስተካክለው ሰምቼ አፌን በእጄ ያዝኩ።

፫. አማቴ ሥራውን እንደገና ከሀ እንጀምረው ብለው ነበር። በዚህ ጉዳይ ላይ ጽሕፈት ቤትዎ ያሳየው ጥንቃቄ ከሁሉ በላይ ምስጋና ይገባዋል። መጀመሪያ ለመግቢያ ፈቃድ የሥራ ልምድ ማስረጃ አምጡ ተባሉ። ማስረጃው የነበረው በካቴድራሉ መዝገብ ቤት ነው፤ መዝገብ ቤቱ ምን እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ፣ ፍርስራሹ ላይ ቆመው ስድስተኛውን ንግግርዎን አድርገውበታል። ቀጥሎ ሦስት ምስክሮች፣ ከዚያ የጤና ምርመራ ተጠየቁ። ሰማንያ ሦስት ዓመት የሞላቸው ሰው ወንበር ላይ ለመቀመጥ ብቁ መሆናቸው በሐኪም ይረጋገጥ ተባለ። አራት ወር ሙሉ ደጅ ጠንተን ነገ ዛሬ እየተባልን ሳለ ጣታቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙም ብዙ ጊዜ እንደሌላቸው ለእኛ ነገረን፤ ለእሳቸው መንገር አላስፈለገም። ይህን ስጽፍ ያናድደኛል፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም እሳቸው ሲሄዱ ጣሪያው ዳግመኛ ይቃጠላል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ጭስ እንኳን ስለማይኖረው አደባባይ ወጥቶ የሚያለቅስለት አይገኝም።

፬. ለአንደኛ ዓመት መታሰቢያው ለአማቴ የላኩላቸው የክብር ጥሪ ካርድ ደርሶናል። በፊተኛው ረድፍ፣ በጥቁር ልብስ፣ ለካሜራ በሚመች አቅጣጫ እንዲቀመጡ ተጽፎበታል። በየቀኑ ከበር የሚመልሳቸው ጥበቃ በዚያ ቀን ክንዳቸውን ይዞ ያስገባቸዋል። ለማልቀስ ማስረጃ አለመጠየቃቸውን በአድናቆት ተመልክተናል።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ለአማቴ ለሦስት ሳምንት መግቢያ ይፍቀዱላቸው፤ አንዴ የዳሰሷቸው እንጨቶች ስለሆኑ እንደ በፊቱ ሰባት ሳምንት አይፈጁም፤ ጣታቸው ጠዋት ጠዋት ስለሚረጋ የግማሽ ቀን ፈቃድ ይበቃል። ወንበሩንም ጠመኔውንም እኛው እናመጣለን።

የኮሚቴዎን ስብሰባዎች ረጅም፣ ጣሪያችን የሚጠብቅበትን ጊዜ አጭር ያድርግልን እያልኩ፣ በማያልቅ ትሕትና እጅ የምነሳ፣

የተፈቀደለት አናጢና ያልተፈቀደላቸው አናጢ አማች

ግልባጭ፦
ለበሩ ጥበቃ፣ ሰው የተላከውን ስለሚፈጽም ያልተቀየምነው መሆኑን እንዲያውቅ
ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ከአክብሮት ጋር

ሳልረሳው፦ ባለፈው ሰኞ ቢሮዎ ያለው የስብሰባ ጠረጴዛ እየተነቃነቀ አስቸግሮ አናጢ ሲፈለግ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። ሌላ ቦታ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ አልተገናኘንም። ጠረጴዛው ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ቀና ስል፣ ገበታው ከሦስት ወራጆቻችን የተጋጠመ ሆኖ አገኘሁት። ከላይ በሚገባ ተልጓል፣ ከሥሩ ግን የነካው የለም፤ ከአጠባው በፊት ወደ ቢሮዎ በመዛወራቸውም የአማቴ ጽሑፍ በሦስቱም ላይ እንዳለ ይነበባል፤ በመካከለኛው ላይ፦ «ሰሜን ጎን፣ አራተኛ ረድፍ፣ ከመሠዊያው በላይ»። በዛሬው ቀን ቦታቸውን በእርግጠኝነት የምናውቃቸው እንጨቶች እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው። ጠረጴዛውን አላጠበቅኩትም፤ ልንወስደው ስንመጣ ለመፍታት እንዳይቸግረን።