ነፍሷን ይማር ብላችሁ ቅጣቷን ላልማራችሁ

ቁጥር፦ 1 (ከቤታችን የወጣ የመጀመሪያው ደብዳቤ ስለሆነ)

ለተከበሩ የጉዞና የዕረፍት አገልግሎት ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በሕይወት ያለች እህቴ በሕይወት መኖሯ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎና ለድርጅትዎ ሠራተኞች በሙሉ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። ይህን የምመኘው ለወግ ያህል አይደለም። በእናንተ ደንብ መታመም ስንት እንደሚያስወጣ በእኛ ቤት ስለታየ፣ ማንም ሰው፣ ደንቡን ያወጣው ሰው እንኳ ቢሆን፣ እንዲታመም አልፈልግም።

እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ደብዳቤ መጻፍ ሙያዬ ስላልሆነ ቃል ብሳሳት ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቃል መሳሳት ምን እንደሚያመጣ ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል። ነገሩ የሚመለከተው ታላቅ እህቴን ነው። እናታችን ቀድማ ስለተለየችን ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ከወለል እስከ ጣሪያ በፋይል ተከባ ሠርታ በቅርቡ ጡረታ ወጥታለች። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የዓመት ፈቃዷን የምታሳልፈው ቤት በማጽዳትና የእኔን ሱሪ በመጣፍ ነበር። ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ወር ግን ከእናንተ ዘንድ ሐይቅ ዳር አምስት ቀን የሚያሳድር ጉዞ ገዛች። አዲስ ሻንጣም ገዛች። ጉዞው ገና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሻንጣውን ሸክፋ በሩ ሥር ስላቆመችው፣ በወጣን በገባን ቁጥር እንቅፋት ይመታን ነበር።

ጉዞው ሁለት ቀን ሲቀረው በሐሞቷ ውስጥ የተጠራቀመው ጠጠር መተላለፊያውን ዘጋው። የተዘጋ መስመር ምን እንደሚያደርግ በሙያዬ ስለማውቅ ሐኪሙ እኔን ለማስረዳት ብዙ አልደከመም። በዚያው ቀን ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ተመስገን፣ ደህና ወጣች። ጉዞው ግን ቀረ። ከዚህ በኋላ ያለውን ምስጋናዬን፣ እህቴ ቁጥር የሌለው ነገር ስለማትወድ፣ በቁጥር አስቀምጣለሁ።

1ኛ. ደንባችሁ የሚታመም ተጓዥ ሰባት ቀን ቀድሞ ማሳወቅ እንዳለበት ይናገራል፤ ይህን ባለማድረጓም ከከፈለችው ከመቶ ሰባው ለስረዛ ተቆርጧል። የእህቴ ሐሞት የአገልግሎት ውላችሁን ሳያነብ መታመሙን በቤተሰቡ ስም አምኜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ቧንቧ ስጠግን ሰባት ቀን ቀድሞ አሳውቆ የፈነዳ ቧንቧ አጋጥሞኝ አያውቅም። በክቡርነትዎ ቤት እንዲህ ያለ ሥርዓት የሚያውቅ ቧንቧ ካለ ግን ለትምህርት ያህል መጥቼ ባየው ደስ ይለኛል።

2ኛ. ማስረጃ በመቀበል ረገድ ላሳያችሁት ጥንቃቄ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የሐኪም ማስረጃ በታሸገ ፖስታ አምጣ ተባልኩ፤ አመጣሁ። የሐኪሙ ቲተር ደብዝዟል ተብዬ ተመለስኩ። ደምቆ ተመትቶ ሳመጣው ደግሞ ታካሚዋ ራሷ ቀርባ ትፈርም ተባለ። ሆዷ ላይ ስፌት እንዳለ ሳስረዳ፣ የመስኮት ቁጥር ሦስቷ ልጅ፣ እውነቱን ለመናገር አንጀቷ የሚራራ ትሑት ልጅ ናት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሞተው ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር አለችኝ። አልዋሸችም። በአንቀጽ አሥራ አራት መሠረት ተጓዡ ከሞተ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፤ ከታመመ ግን ይቀጣል። ስለዚህ እህቴ በሕይወት በመትረፏ ለደረሰባት ኪሳራ ተጠያቂው ሐኪሙ ነው ማለት ነው። ሰውየው ብዙ ስለደከመላት እስካሁን አልነገርኩትም።

3ኛ. በመጨረሻ በእሷ ፈንታ ማመልከቻ እንድጽፍ ስለተፈቀደልኝ፣ መስኮቱ ላይ በሲባጎ በታሰረው እስክሪቢቶ፣ ከኋላዬ ሰልፈኛው እያጉረመረመ፣ እህቴ ከቀዶ ጥገናው ወጥታ እቤት ዐርፋለች ብዬ ጻፍኩ። እዚህ ላይ ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው። ተኝታለች ማለት እችል ነበር፤ እያገገመች ነው ማለትም እችል ነበር። ሐኪሙ ማረፍ አለባት ስላለ ዐርፋለች አልኩ። ግን ደግሞ ዕረፍት ሸጣችሁ የምትኖሩ ሰዎች፣ በራችሁ አናት ላይ «ዕረፍትዎን ለእኛ ይተዉት» ብላችሁ በትልቁ የጻፋችሁ ሰዎች፣ ሰው ሳይሞትም እንደሚያርፍ ታውቃላችሁ ብዬ ነበር። አሁን በዚያ በር ሳልፍ ጽሑፉን ቀና ብዬ ማየት እፈራለሁ።

4ኛ. ማመልከቻውን በጻፍኩ በዘጠነኛው ቀን ደብዳቤያችሁ በእህቴ ስም መጣ። በመጀመሪያው አንቀጽ «በዕረፍትዎ የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እየገለጽን ነፍስዎን ይማር እንላለን» ይላል። በሁለተኛው አንቀጽ የሞት ማስረጃ ስላልቀረበ ጥያቄዋ እንደ ሕመም መታየቱንና ሰባ በመቶው መቆረጡን ያስታውቃል። በሦስተኛው ደግሞ ወደፊትም አብራችሁ እንድትጓዝ ያላችሁን ተስፋ ይገልጻል። ለሟቿ ራሷ የሐዘን መግለጫ የሚጽፍ ድርጅት በሌላ ቦታ ስለመኖሩ አልሰማሁም። የታመመ ሰው ይማርዎ ይባላል፤ ነፍስ ከተጨመረበት ሰውየው ተቀንሷል ማለት ነው። እናንተ ግን ለሐዘኑ ገደላችኋት፣ ለሒሳቡ አዳናችኋት፤ ነፍሷን ይማር ብላችሁ ስታበቁ ቅጣቷን አልማራችሁም።

እኔ ይህን ሳነብ ከት ብዬ ሳቅሁ። እህቴ ግን አልሳቀችም።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይህኛውን በቁጥር አላስቀምጠውም። እህቴ በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዋ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ማመን ለምዳለች። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እያለች ነው ያሳደገችኝ። የእናንተ ደብዳቤ ደግሞ ክብ ማኅተም አለበት፤ ያውም ደማቅ። «ሐኪሙ በታሸገ ፖስታ የጻፈውን እነሱ አንብበዋል፣ እኔ አላነበብኩም፣ ሰዎቹ ያልተነገረኝን ቢያውቁ ነው፣ ትንሽ ቸኮሉ እንጂ አልተሳሳቱም» አለችኝ። የጻፍኩትን ቃል ነገርኳት፤ ልታጽናናኝ ነው የፈጠርከው አለች። ሐኪሙ በስልክ አስረዳት፤ እሱም የቃል ሆነባት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሐኪሙ ያዘዘላትን የኮሪደር እርምጃ ትታለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትውላለች። ሾርባውን ሁለት ማንኪያ ቀምሳ በቃኝ ትላለች። ጃንጥላዋን ለጎረቤት ሰጠች። የወረቀት መብሻዋን ለእኔ አወረሰችኝና የቤቱ ካርታ የት እንዳለ አሳየችኝ። ሻንጣውን በገዛ እጇ ፈትታ፣ ለሐይቁ ብላ ያሰፋቻቸውን ሁለት ቀሚሶች አጣጥፋ፣ አዲስ እንደሆነ ሽጠው አለችኝ። ሻንጣው ከበሩ ሥር ከተነሳ ወዲህ እንቅፋት መትቶኝ አያውቅም፤ እግሬ ግን እዚያች ቦታ ሲደርስ አሁንም ከፍ ይላል። ሐኪሙ፣ ካልበላችና ካልተንቀሳቀሰች ደብዳቤው እውነት ሊሆን ይችላል ብሎኛል። ፈርቻለሁ፤ ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም።

ስለዚህ ወደ መስኮት ቁጥር ሦስት ተመለስኩ። ስለ ሰባ በመቶው አንድ ቃል አልተናገርኩም። የለመንኩት «ደንበኛችን በሕይወት አሉ፤ የቀደመው ደብዳቤ በስህተት የተጻፈ ነው» የምትል አንዲት መስመርና ከሥሯ አንድ ማኅተም ነው። የደብዳቤ እርማት የሚጠየቀው ባለጉዳይዋ ራሷ ስትቀርብ ብቻ መሆኑ ተነገረኝ። እንግዲያው ሥራ አስኪያጁን ላነጋግር ብል፣ እሳቸው ዕረፍት ላይ ናቸው ተባልኩ። እኔ ግን እንደ እናንተ አልቸኮልኩም፤ ነፍስ ይማር ከማለቴ በፊት መቼ ይመለሳሉ ብዬ ጠየቅሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ከሐይቁ ዳር እንደሚመለሱ ስሰማ እፎይ አልኩ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ታድሰው ሲመለሱ ብዕርዎን ከማኅተምዎ ጋር አገናኝተው ያችን አንዲት መስመር እንዲጽፉልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ገንዘቡን ያዙት። ሬሳ ለመቅጣት እንኳ ወኔ ካላችሁ፣ በሕይወት ያለች ሴት በሕይወት አለች ብሎ ለመጻፍ አታንሱም።

ውድ ጊዜዎን ወስደው ስላነበቡኝ፣ ስለ ደንባችሁ ጽናት፣ ስለ ሐዘናችሁ ፍጥነትና ስለ ማኅተማችሁ ድምቀት ከልብ እያመሰገንኩ፣ ከወንበርዎ ሳይነሡ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ፣ ቢታመሙም ሰባት ቀን ቀድመው እንዲያውቁት እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የሟች ተብዬዋ ታናሽ ወንድም፣ የቧንቧ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለመስኮት ቁጥር ሦስት፣ ለደግነቷ
ለሐኪሙ፣ ጥፋቱን እንዲያውቅ
ለእህቴ፣ ትራሷ ሥር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከማውጣቴ በፊት ፊደሌን እንድታርምልኝ ለእህቴ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ፣ ተራ ቁጥር ሦስትን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ዐርፋለች ብዬ የጻፍኩት እኔ መሆኔን በቃል ስነግራት ያላመነችኝ፣ ተጽፎ ስታየው አመነች፤ ከዚያም ለረጅም ጊዜ ሰደበችኝ፤ ስድቡ ጆሮዬ ላይ ማር ነበር። ቀጥላ የእናንተን ደብዳቤ አምጣ አለች። ገለበጠችው፣ ወደ መብራት አስጠጋችው፣ ከዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁበት ዓይኔ እስካሁን የት ሄዶ ነበር ብላ ከአልጋዋ ወረደች። ለካ ደብዳቤያችሁ የወጪ ደብዳቤ ቁጥር የለውም። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ደግሞ፣ እንደ እህቴ አነጋገር፣ ከመዝገብ ቤት አልወጣም፤ ካልወጣ አይጸናም፤ ሞቷ ካልጸና ቅጣቱም አይጸናም። ከላይ «ገንዘቡን ያዙት» ያልኩትንም በቀይ ሰርዛዋለች። አሁን ኮሪደሩ ላይ ከጫፍ ጫፍ እየተመላለሰች ነው፤ ሻንጣውም በሩ ሥር ተመልሷል፤ ዛሬ ጠዋት እግሬን መትቶኛል። ባለጉዳይዋ ራሷ ትቅረብ ስላላችሁ ሰኞ ጠዋት መስኮት ቁጥር ሦስት ትቀርባለች። እባካችሁ አንድ ወንበር አዘጋጁላት፤ ሐኪሟ በየመካከሉ እንድታርፍ አዟል።