ስለ ሟቿ አራተኛ መስኮት እና ስለማይመጣው ምዕራፍ ሁለት

ለክቡር ኢንጂነር ቬንፂስላቭ ቶሮማኖቭ
የቤሎዶል ማዘጋጃ ቤት የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ዋና ዳይሬክተር

ቤሎዶል፣ ፌብሩዋሪ 12

ክቡር ሆይ፣

ባለፈው ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በማዘጋጃ ቤቱ መግቢያ በቆመው የተራ ቁጥር መስጫ ማሽን ላይ ጥቁር ጠርዝ ያለው የሞት ማስታወቂያ ተለጥፎ ተገኘ። ፎቶግራፉ የአራተኛ መስኮት ነው። ጽሑፉም «ለሠላሳ አንድ ዓመት ወረቀታችንን የተቀበለችን ውድ አራተኛ መስኮት ከተለየችን ዛሬ አርባ ቀን ሆነ። ሐዘንተኞች፦ የተራ ቁጥር የያዙ ሁሉ» ይላል። ማስታወቂያው ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሣ።

ወደ ተገቢው ሰላምታ ልመለስና፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ መላው ባልደረቦችዎም በፍጹም ጤንነት እንድትኖሩ ከልብ እመኛለሁ። በተለይ ለሳንባችሁ እመኛለሁ፤ በቤሎዶል ሳንባው የታመመ ሰው በአሁኑ ጊዜ ማመልከቻ የሚያስገባበት ቦታ የለውምና።

የምጽፍልዎ ስለ ጎረቤቴ ስለ ትሪፎን ጉንቼቭ ነው። ሰፈሩ በአክብሮት «ባይ ትሪፎን» የሚላቸው እኒህ የሰባ አንድ ዓመት ጡረተኛ ሃያ ስድስት ዓመት ከሰል ሲቆፍሩ ኖረው፣ ዛሬ የሚተነፍሱት አልጋቸው አጠገብ በቆመ የኦክስጅን መሣሪያ ነው። መሣሪያው ቤታቸው የሚቆየው የሕክምና ቦርዱ የምስክር ወረቀት በእጃቸው እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ወረቀቱ አርብ ፌብሩዋሪ 27 ያበቃል። ከዚያ በፊት የእድሳት ማመልከቻቸው ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም ካረፈ፣ አሮጌው ወረቀት አዲሱ እስኪወሰን ድረስ እንደጸና ይቆያል። የሚያስፈልገው እንግዲህ አንድ ማኅተም ነው። ማኅተሙ የሚመታው በአራተኛ መስኮት ነበር፤ መስኮቷን ግን በእርስዎ ፊርማ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ዘግተዋታል።

ቁጥር መውደድዎን ስለማውቅ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዕቅድዎ። ሥራውን በሁለት ምዕራፍ ሲከፍሉት የተጠቀሙበትን መለኪያ ለማወቅ የግዥ ሰነዶቹን ከዳር እስከ ዳር አንብቤአለሁ፤ መለኪያው ግልጽ ነው። ከዲሴምበር 31 በፊት ደረሰኝ ሊቆረጥለት የሚችል ነገር ሁሉ ምዕራፍ አንድ ሆነ፦ ማሽኑ፣ ስምንቱ ስክሪኖች፣ አሥራ ሁለቱ ታብሌቶች፣ ከነመያዣቸው። ጊዜ ወስዶ መሠራት ያለበት ነገር፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱን ከሕክምና ቦርዱ ጋር ማገናኘት፣ ምዕራፍ ሁለት ሆነ። በየዓመቱ መጨረሻ ያልወጣ ገንዘብ ወደ መንግሥት ካዝና ስለሚመለስ፣ የእኛ ሰው በዲሴምበር የሚገዛውን በማርች እንደሚያስብበት ሁላችንም እናውቃለን፤ እርስዎን ልዩ የሚያደርግዎ አሮጌውን በር ለመዝጋት እስከ ማርች አለመጠበቅዎ ነው። የምዕራፍ አንድ ሪፖርት «የተዘጉ የወረቀት መስኮቶች ብዛት» የሚል ዓምድ ነበረው። ዓምዱን ሞሉት።

ሁለተኛ፣ ስለ ምረቃው። ዲሴምበር 30 ቀን ዳቦና ጨው ቀርቦ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ ቄሱም በበሶብላ እቅፍ ጠበል ረጭተው ማሽኑን ባርከውታል። ከስክሪኖቹ አንዱ በጠበሉ ምክንያት መጥፋቱን የሚያነሡ ክፉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ሰባቱ እስከ ዛሬ «እንኳን ደኅና መጡ» እያሉ መሆናቸውን በአድናቆት እመሰክራለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ማሽኑ ትጋት። ማሽኑ ይሠራል፤ ለተዘጋው መስኮት በየቀኑ ቁጥር ይሰጣል። የባይ ትሪፎን ባለቤት ሮሲትሳ፣ ሰፈሩ «ሌሊያ» ማለትም አክስት የሚላቸው፣ በጃንዋሪ አጋማሽ ቁጥር አርባ አንድን ይዘው ሁለት ሰዓት ሲጠብቁ እኔም እዚያው ነበርኩ። በመጨረሻ፣ ቀድሞ በአራተኛ መስኮት የሠሩትንና ዛሬ መረጃ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡትን ወይዘሮ ኔዳን፣ «ልጄ፣ ማነው የሚጠራኝ?» ብለው ጠየቁ። ሴትዮዋ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ማንም አይጠራዎትም፣ ሌሊያ ሮሲትሳ። ወረቀቱን ልቀበልዎ ብል እንኳ የማስቀምጥበት የለኝም፤ መሳቢያውን ሳይቀር ወስደውታል» አሉ። ከኋላ አንዱ፣ «ሎተሪ ነው እኮ ሌሊያ፣ ቁጥሩን እንዳይጥሉት!» ብሎ ጮኸ፤ ሰውም ሳቀ። ሮሲትሳ አልሳቁም። ቁጥሩን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። እኒሁ ወይዘሮ ኔዳ በኖቬምበር ለእርስዎ በጻፉት ማስታወሻ፣ ግንኙነቱ እስኪሠራ ድረስ መስኮቷ ጎን ለጎን ክፍት ትቆይ ብለው ነበር። እርስዎ የሰጡት መልስ ጠረጴዛቸውን መቀየር ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ዝናችን። ሮሲትሳ ተስፋ ሳይቆርጡ ዘጠና ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ሄደው ቦርዱ ዘንድ ቀረቡ። እዚያ ያለችው ጸሐፊ ወረቀቱን ገና ስታየው፣ «ከቤሎዶል ነው የመጡት? እናንተማ ኤሌክትሮኒክ ሆናችኋል! እንኳን ደስ አላችሁ፤ ከእናንተ ወረቀት አንቀበልም» አለቻቸው። ሮሲትሳም የተነገራቸውን የደስታ መግለጫ ይዘው በማታው አውቶቡስ ተመለሱ። በእኔ በኩል ለትክክለኛው ባለቤት ለእርስዎ አስተላልፌዋለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ በጀቱ። በጃንዋሪው የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ምዕራፍ ሁለት አልተሰረዘም፣ ተላለፈ እንጂ ብለዋል። ፓርላማው በጀት ሳያጸድቅ መበተኑ፣ አገሪቱም በአምናው በጀት ወር በወር እየተነፈሰች መሆኗ፣ በአምናው በጀት ያልነበረ አዲስ ሥራም መጀመር አለመቻሉ፣ ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ በዚህ አልወቅስዎትም። ነገር ግን ፓርላማው የተበተነው በኦክቶበር ነው፤ እርስዎ መስኮቷን የዘጉት በጃንዋሪ ነው። ገንዘብ ይምጣ አይምጣ የማያውቅ ሰው አሮጌውን አያፈርስም። ይህን ለመረዳት ኢንጂነር መሆን እንደማያስፈልግ ባይ ትሪፎን አስረድተውኛል፤ በሁለት ትንፋሽ መካከል እያረፉ፣ «እኛ ጉድጓድ ውስጥ አዲሱ መብራት ሳይበራ ፋኖሱን የሚያጠፋ አለቃ ቢመጣ፣ አንተዬ፣ በማግስቱ እሱን ብቻውን ነበር የምናወርደው» አሉኝ። ከዚያ ሲያስላቸው መሣሪያው ለሁለታችንም ተናገረልን።

ክቡር ሆይ፣ ለምክር ቤቱ ያቀረቡት ረቂቅ ጉዳዩ «የአገሪቱ በጀት እስኪታወቅ ድረስ» እንዲቆይ ይጠይቃል። አንዲት የምክር ቤት አባል ያቀረቡት ሌላው ረቂቅ ደግሞ ትእዛዝዎ ታግዶ አራተኛ መስኮት እንድትከፈት ይላል። ለዚህኛው ግዥም ጨረታም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ቁልፍ፣ መሳቢያና ወይዘሮ ኔዳ ናቸው። ሦስቱም ሕንፃው ውስጥ ይገኛሉ፤ መሳቢያው በእርስዎ ቢሮ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ እንዳለ ራሴ አይቻለሁ።

ስለሁሉም ነገር፣ በተለይም ቁጥሩን ሳያቋርጥ ስለሚሰጠው ማሽን፣ ከጥልቅ አክብሮትና በትክክል ከሚገባዎት ምስጋና ጋር፣ በተዘጋው መስኮት ፊት ቆሜ እጅ እነሣለሁ።

ቦግዳን ራሼቭ
የተራ ቁጥር 58

ማስታወሻ፦ ማስታወቂያውን የለጠፈው ሰው እንዲታወቅ የጥበቃ ካሜራዎቹ ቅጂ እንዲቀርብልዎ ማዘዝዎን ሰማሁ። ካሜራዎቹ በዕቅድዎ ውስጥ ያሉት በምዕራፍ ሦስት ነው። ስለዚህ ልረዳዎ ብዬ ማስታወቂያው ወደታተመበት ማተሚያ ቤት ሄጄ ነበር። ባለቤቱ ደንበኛቸው ማን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ ነገር ግን ሥራቸው በወረቀት ሆኖ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንደሚደርስ፣ ቅጹንም እንዳልሰረዙት፣ ፎቶግራፉንና ስሙን ብቻ መቀየር እንደሚበቃ ነግረውኛል። የመሣሪያው አከራዮች ሰኞ ማርች 2 ጠዋት መጥተው እንደሚወስዱት ለሮሲትሳ ጽፈዋል። ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው ሐሙስ ፌብሩዋሪ 26 ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፤ የአራተኛ መስኮት ጉዳይ በአጀንዳው ላይ አሥራ አራተኛ ሆኖ ተይዟል።