ከቫልቯ ላይ ያነሳሁት መቆንጠጫ

ከታትራ ተራራ ሥር፣ የካቲት መባቻ

ውድ ኢምሪህ፣

ይህን የምጽፍልህ ከድሮው የቤት መኪኖች ሰፈራችን፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ካለው ሦስተኛው ማቆሚያ ነው። ዛሬ ጠዋት ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት ነበር። አሁን ፀሐይ ወጥታ በረዶው ከጣሪያው ጠርዝ ጠብ ጠብ እያለ ነው። ባሌ ሩዶልፍ ከሞተ ይህ ሁለተኛ ክረምቴ ነው። እህቴ "መኪናዋን ሽጪያትና ወደ ሰው ቤት ግቢ፤ ብቻሽን በዚያ ውርጭ ምን ትሠሪያለሽ?" ትለኛለች። እኔ ግን ቤቴም መኪናዬም እሷው ናት፤ ሥራውንም ለምጄዋለሁ። የፍሳሹን ቱቦ ከፍቼ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጣለሁ። ነፋስ ከወለሉ ሥር እንዳይገባ ጎንና ጎኗ በረዶ በአካፋ እከምራለሁ። ስተኛ የቁም ሣጥኖቹን በር ገርበብ አደርጋለሁ። "ሉድካ፣ ቧንቧም እንደ ሰው ይበርደዋል፤ በር አትዝጊበት" ትለኝ ነበር አንተ። አልረሳሁም።

ሰኞ ዕለት ከተማ ሐኪም ዘንድ ውዬ ከሰዓት በኋላ ስመለስ ከወለሉ ሥር ውሃ ሲንዠቀዠቅ ሰማሁ። በረዶ ጭስ ማውጫውን ደፍኖት ማሞቂያው ጠፍቷል። ውስጡ ሲቀዘቅዝ ያቺ ከአልጋው ሥር ያለችው ትንሽ ቫልቭ፣ ውሃው በረዶ ሆኖ ቦይለሩን እንዳይሰነጥቀው ተብላ እንደ ተሠራችለት፣ ራሷ ተከፍታ የቦይለሩን ውሃ በረዶው ላይ ታፈሳለች። ደረጃው ላይ ቆሜ እስኪያልቅ አዳመጥኩ። ከዚያ ጭስ ማውጫውን በረጅሙ መጥረጊያ ጠረግሁ፣ ማሞቂያውን ለኮስኩ፣ ውሃ በባልዲ አመላለስኩ። ሳይመሽ ሁሉም እንደነበረ ሆነ። አንድም ቧንቧ አልተሰነጠቀም። ያን ጊዜ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊትም እንዲሁ ሆኖ ማለፍ ነበረበት።

እንዲሁ ያልሆነው በእኔ ነው ኢምሪ። በአንተ አይደለም።

ያን ክረምት ቫልቯ አስመርራኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቤቱ ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል ትከፈታለች፤ ውሃው ይሄዳል፤ እኔ በረዶ እየረገጥኩ ባልዲ ተሸክሜ እመላለሳለሁ፤ ሩዶ ያንኮራፋል። አንድ ቀን ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንድ የእንጨት መቆንጠጫ ወሰድኩና እንዳትከፈት አድርጌ ቁልፏን ቆነጠጥኳት። "እስቲ አሁን አፍስሺ" አልኳት። ሦስት ቀን ሙቅ ውሃ ጠገብን። ሩዶ እንኳ "ዘንድሮ ቫልቯ ጨዋ ሆናለች" ብሎ ነበር።

ከዚያ ለወንድሙ ልጅ ሠርግ ዢሊና ሄድን። ሁለት ቀን ነው። መቆንጠጫውን ረሳሁት። አንተን ግን የጋዝ ሲሊንደሩን እንድትቀይርልን አደራ ብለንህ ነበር፤ የሰፈሩን ሁሉ ሲሊንደር የምትቀይረው አንተ ነበርክና። የበጋውን ጋዝ ከክረምቱ በድምፁ ትለያለህ እያሉ ይቀልዱብህ እንደነበር ትዝ ይልሃል።

ስንመለስ ቦይለሩ ተሰንጥቆ ወለሉ በበረዶ መስታወት ሆኖ ጠበቀን። ሩዶ እየተሳደበ ሲሊንደሩን ሊያይ ወደ ውጭ ሲሮጥ፣ እኔ ከአልጋው ሥር ተንበርክኬ መቆንጠጫውን አወጣሁና ካፖርቴ ኪስ ከተትኩት። መርሳቴን ስህተት ልበለው። ይህን ግን ስህተት ልለው አልችልም።

የቀረውን አንተም ታውቀዋለህ። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሰው ሁሉ ፎጣውን እንደያዘ ቆሞ ነበር።

"የበጋ ጋዝ ነው የገጠምክልኝ" አለህ ሩዶ። "ብርድ ላይ የማይነድ ጋዝ።"

"የክረምቱ ነው። አንገቱ ላይ ምልክቱን እየው።"

"ምልክት ማየት ትችላለህ እንዴ? ዓይንህ እኮ ጡረታ ከወጣ ቆየ።"

"ጭስ ማውጫችሁን በረዶ ደፍኖታል፤ ማሞቂያው የጠፋው በሱ ነው" አልክ በቀስታ። "እሺ፣ በእኔ ጠፋ እንበል። ቫልቯስ ሩዶ? ቤቱ ሲቀዘቅዝ ውሃውን ማፍሰስ አልነበረባትም? ለምን አልተከፈተችም?"

የግቢው ኃላፊ ሄርሚና መጥረጊያዋን ተደግፋ "የጋዝ ሊቃችን ቤት ሙሉ በረዶ ጋገረላቸው እንግዲህ" ብላ ሰውን አሳቀች።

አንተ አልሳቅክም። ወደ እኔ ዞረህ "ሉድካ፣ ቫልቯን የነካት ሰው አለ?" አልከኝ። ቁጣ አልነበረብህም፤ ዝም ብለህ ጠየቅከኝ። እጄ ኪሴ ውስጥ መቆንጠጫውን ጨብጦ ነበር።

"እኔ እንጃ" አልኩህ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሲሊንደሩን የሚሰጥህ ሰው ጠፋ። በሳምንቱ አንተና ማርጊታ ዕቃችሁን ጭናችሁ ሄዳችሁ፤ ተመልሳችሁም አልመጣችሁም። በራችን ላይ ግን የመጽሐፍ ካርቶን ትተህልኝ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመችን የልብስ ንጽሕና ቤት ሠራተኛ ማንበብ ያስለመድካት አንተ ነህ፤ ተዋርደህ ስትሄድ እንኳ ክረምቱን ምን አንብቤ እንደማሳልፍ አሰብክልኝ። ሁሉንም አንብቤያቸዋለሁ። እውነቱን እያወቀ ዝም የሚል ሰው ታሪኩ ውስጥ በመጣ ቁጥር መጽሐፉን ከድኜ ሳህን ላጥብ እነሳ ነበር።

ሩዶም ያውቅ ነበር። ይህን የሰማሁት ሊሞት ወር ሲቀረው ነው። ቤት ውስጥ፣ ከአልጋው አጠገብ ሸሚዞቹን እየሰቀልኩ ነበር።

"ሉድካ፣ አንድ መቆንጠጫ ይጎድልሻል አይደል?" አለኝ።

የያዝኩትን ሸሚዝ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት።

"ቦይለሩን ስቀይር ቁልፏ ላይ እንጨቱ የነከሰበትን አይቻለሁ።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልክ?"

"ምን ልበል? ሰው ፊት ኢምሪን አዋረድኩ፤ ደግሞ ተነስቼ ሚስቴን ላዋርድ? ከዚያም ቀን ቀንን እየወለደ ሄደ።" ትንሽ አረፈና "ጻፊለት" አለኝ። "አንቺ መጽሐፍ ታነቢያለሽ፤ አያቅትሽም። እኔም አጥፍቻለሁ በይልኝ።"

አቃተኝ። ይኸው ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። አንድ ጠረጴዛ ላይ እየበላን፣ ሁለታችንም አንድ ነገር እያወቅን፣ አንዳችን ለሌላችን ስንል አንተን አጣንህ። ለእኔ ብሎ መሆኑ አጽናንቶኝ አያውቅም።

ቅዳሜ በግቢው የጋራ ምሳ ላይ የጎመን ሾርባው ሲወጣ፣ የድሮዎቹ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ባሉበት ተነስቼ ተናገርኩ። ላንተ ከመጻፌ በፊት፣ ስምህን ያጠፋሁበት ቦታ ላይ ማቅናት እንዳለብኝ ተሰምቶኝ ነበር። መቆንጠጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ሄርሚና መቆንጠጫውን አንስታ እያየች "አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲሊንደሬን እየተራገምኩ ራሴ ስገጥም የኖርኩት" አለች። "ለዚች ቁራጭ እንጨት ነው?" ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። "በዚያን ቀን ሰው ያሳቅኩበት እኔ ነኝ። እሱንም ጻፊበት።"

ጻፍኩት።

ይቅርታ አድርግልኝ ብዬ ላስቸግርህ አልፈልግም። ይቅርታ ያንተ ነው፤ ትሰጠኛለህ ወይም ትይዘዋለህ። የእኔ የሆነውን ግን ልኬልሃለሁ፤ መቆንጠጫው ፖስታው ውስጥ አለ። ብታስቀምጠውም፣ ምድጃ ውስጥ ብትጨምረውም፣ ለማርጊታ ብታሳያትም ደስ እንዳለህ። እኔ ዘንድ ብዙ ቆይቷል።

ከጎኔ ያለው አራተኛው ማቆሚያ ባዶ ነው። በረዶውን ጠርጌዋለሁ። መጣህም ቀረህም እስከ መጋቢት ድረስ ጠዋት ጠዋት እጠርገዋለሁ፤ ከባልዲው ሥራ አይከብድም። ቫልቯን እንደሆነ አልነካትም። ስትፈልግ ትክፈት።

ያኔ "እኔ እንጃ" ያለችህ፣ እያወቀች፣

ሉድሚላ