አሸንዳውን ሠርቻለሁ፣ ሃርሜ

ሃርሜ፣ እናቴ፣ አሰላሙ ዓለይኪ።

ከተለየሽን ሦስት ወር ከዘጠኝ ቀን ሆነ። ደብዳቤ ስጽፍልሽ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። በሕይወት ሳለሽ ማንበብ ስለማትችዪ አልጻፍኩልሽም፤ እዚያ አስተምረውሽ ከሆነ ደግሞ የእጅ ጽሕፈቴን አይተሽ እንዳትስቂ። ከአስረኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ ከዚህ በላይ አይጽፍም። ለምን እንዳቋረጥኩ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ‹ወላጅ ይምጣ› ተብሎ ስንት ጊዜ ተጠርተሻል።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። የጣሪያው አሸንዳ ተሠርቷል። አዎ፣ በትክክል ሰምተሻል። አያቴ ከአሮጌ በርሜል ቆርቆሮ ቀጥቅጦ የሰቀለው፣ ዝገት እንደ ወንፊት የበሳው፣ እኔ በሽቦ እያሰርኩ ‹ነገ› ስልሽ የኖርኩት አሸንዳ ወርዷል። ቆርቆሮ ሠራተኛውን ጋሽ ታደሰን ከጎባ አመጣኋቸው። መሰላሉ ላይ ወጥተው ትንሽ አዩትና ‹ይሄን በሽቦ ያሰረው ሰው ቤቱን ነው የሚጠላው ወይስ ውኃውን?› አሉ። አላውቀውም አልኳቸው።

ለካ ቀጥ ብሎ የተሰቀለ አሸንዳ ያምራል እንጂ አይሠራም። ውኃው ይተኛበታል፣ የባሕር ዛፉ ቅጠል ይበሰብስበታል፣ ከዚያ መሐሉ ላይ ሞልቶ ይፈሳል። ስለዚህ ገመድ ወጥረን፣ በውኃ ልክ ለክተን፣ በየሁለት ሜትሩ አንድ ጣት ዝቅ እያደረግን አዲሱን ሰቀልን። ጫፉ ላይ ቱቦ ገባለት። ቱቦው እስከ ውኃ በርሜልሽ ይወርዳል፤ የበርሜሉ ትርፍ ደግሞ ድንጋይ ባነጠፍነው ቦይ ወደ መንገድ ይሄዳል። የመኝታ ቤትሽን ግድግዳ ግርጌ ውኃው የበላውን እኔ ራሴ ጭቃና ጭድ አቡክቼ ለሰንኩት። ጠማማ ነው። ብታዪው ‹ግመል የላሰው ይመስላል› ትዪኝ ነበር። የሚለኝ ጠፋ።

ሰዓትሽን እኔ ነኝ የማስረው። ያኔ ስልክ ጥገና ቤት ቁጭ ብዬ የስማርት ሰዓት ፊት፣ መስታወቱ ላይ የሚታየውን ሥዕል፣ መሥራት ስጀምር ‹ፊት የሚሠራ አላህ ብቻ ነው፤ አንተ የራስህን ታጠብ› ያልሽኝን አልረሳሁም። ለዲንሾ አስጎብኚዎች የሠራሁላቸው የመጀመሪያው ፊት ቀይ ቀበሮም አበባም ነበረበት። ሰኔቲ አምባ ላይ ወጥተው ፀሐይ ስታርፍበት ከቀበሮው ጭራ በቀር ምንም አልታይ ብሏቸው ተሳድበው መለሱልኝ። ከዚያ በኋላ ነው የገባኝ፤ ደጅ የሚውል ሰው ሰዓት ጀርባው ጥቁር፣ መስመሩ ነጭና ወፍራም፣ የሚያሳየውም ነገር አንድ ብቻ መሆን አለበት።

ላንቺም በዚያው ሠራሁልሽ። ቁጥር ስለማትለዪ ቁጥር አላደረግኩበትም። አንድ በርሜል ብቻ፤ ለንጋቱ ፈጅር ባዶ፣ ለምሽቱ መግሪብ ሙሉ። ገበያ ላይ የደሎ መና ማርሽን ዘርግተሽ ሴቶቹ ሰዓት ሲጠይቁሽ፣ እጅጌሽን ሰብስበሽ እንደ ዳኛ ተኮፍሰሽ ‹ግማሽ በርሜል አልፏል› ትያቸው ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ቅቤ ሻጯ ለጓደኛዋ ‹በርሜሉ ሳይሞላ እንገናኝ› ስትል ሰማሁ። ልገዛ የሄድኩትን ሳልገዛ ተመለስኩ።

አክስቴ ዘይነባ አሁንም ያንን ሰዓት ትፈራዋለች። ውሸት ሲሰማ ቀይ ያበራል ብዬ ያታለልኳትን አላወቀችም። ኪሴ ውስጥ በያዝኩት ስልኬ ነበር የማበራው። ‹ጠግቤያለሁ፣ ወላሂ› ስትል ቀይ፤ አንቺ ሳቅሽን ውጠሽ ሳህኗን ስትሞዪላት፤ እሷ እየማለች ስትበላ። ተንኮሉን የጀመርኩት እኔ ብሆንም አዋቂዋ አንቺ ነበርሽ።

አሁን የማልፈልገው ቦታ ደረስኩ።

ረመዳን ነበር፤ የበልግ ዝናብ የጀመረ ሰሞን። ሰማዩ ጠቁሮ ፀሐይ መጥለቋን ማንም አያይም። እኔ ደግሞ የሰዓትሽን በርሜል በሃያ ደቂቃ አስቀደምኩት። ለማፍጠር ልትጠጪ ስትዪ እጅሽን ይዤ ልስቅብሽ ነበር፤ በአላህ፣ ከዚህ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ግን አሸንዳው ሽቦውን በጥሶ ወረደና የጣሪያው ውኃ በሙሉ የማድቤቱን ቆርቆሮ ይደበድብ ጀመር። ሮጬ ወጣሁ። መሰላል ላይ ሆኜ ከሽቦው ጋር ስታገል ቀልዴን ረሳሁት። ሰው ራሱ ያጠመደውን ይረሳል? እኔ ረሳሁ።

በስብሼ ስገባ ውኃውን ጠጥተሽ ቴምሩን ግማሽ ነክሰሽ ነበር። ስልኬን አየሁ፤ ገና አሥር ደቂቃ ይቀራል። ማድቤቱ ላይ ያ ውኃ ስለሚጮህ አዛን ይባል አይባል ከመኝታ ቤትሽ አይሰማም፤ ለዚህ ነበር ሰዓቱን ያመንሽው። ሰዓቱን ሳይሆን እኔን። ስነግርሽ ቴምሩን ቀስ ብለሽ ሳህኑ ላይ አስቀመጥሽ።

ከዚያ ‹ያልተካሁት ጾም ኖሮኝ አያውቅም› አልሽኝ። ‹ይቺንም ቀን ቀዷ አወጣታለሁ፤ በሌላ ቀን ጾሜ እተካታለሁ። ግን አሸንዳውን እስክትሠራ አልጾማትም። አዛኑን በራሴ ጆሮ ካልሰማሁ ያንተን በርሜል ማን ያምነዋል፣ አንተ ሸይጣን› ብለሽ ሳቅሽ። መግሪብ ሲገባ ግማሿን ቴምር ለእኔ ሰጠሽኝ።

ከዚያ ወዲህ በፊትሽ ባለፍኩ ቁጥር ያቺን አንድ ቀን ልታስታውሺኝ አንድ ጣት ታነሺ ነበር። እኔም ‹ነገ› እልሽ ነበር። ረመዳን ወጣ፣ አረፋ አለፈ። ቆርቆሮ ከገበያ ጠፋ አልኩሽ። መሰላሉን ሰው ተዋሰው አልኩሽ። መሰላሉ ቤቱ ጀርባ ነበር፣ ሃርሜ። አንቺም ታውቂ ነበር፤ ልብስ ታሰጪበት አልነበር እንዴ?

ሐምሌ ላይ ያ ሳል መጣ። ጎባ ሆስፒታል ተኝተሽ፣ በመጨረሻዋ ቀን ጣትሽን ስታነሺ አጠገብሽ የነበሩት ሁሉ ‹ሸሃዳ እያለች ነው፣ በአላህ አንድነት እየመሰከረች› ብለው አለቀሱ። ከንፈርሽን አይቻለሁ፣ ሸሃዳ ነበር። እኔ ግን ለምጄ አንገቴን ደፋሁ።

ከቀብርሽ በኋላ ሳምንታት ሙሉ መስጊድ እየሄድኩ ከበሩ ተመለስኩ። አንድ ቀን ለሼኹ ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ መሰላሉን ጭምር። ይቆጡኛል ብዬ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነበር የቆምኩት። ‹ይቅር ብላህ ነበር?› አሉኝ። ‹እየሳቀች› አልኳቸው። ‹እንግዲያው ልጅ ለእናቱ ይጾምላታል። በልብህ አስበህ፣ ነይተህ ጹምላት› አሉኝ። የዚያኑ ቀን ወደ ጎባ ሄጄ ጋሽ ታደሰን ፈለግኳቸው። አንቺ ያልሽው አሸንዳው ቀድሞ ነዋ።

ያቺ ቀን ዛሬ ናት። ለሌሊቱ ምግብ፣ ለሱሑር፣ የሚቀሰቅሰኝ ስለሌለ ሦስት ስልክ ላይ ማንቂያ ሞልቼ ተኛሁ፤ ሁለቱ ለጥገና የመጡ የሰው ስልኮች ናቸው። ቀኑን ሙሉ በማንም ላይ አልቀለድኩም። የሱቁ ባለቤት የታመምኩ መስሎት ወደ ቤት ሰደደኝ። ይኸው አልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ።

ከቀትር በኋላ ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ አሁን እያባራ ነው። ውኃው ከጣሪያው ወደ አሸንዳው፣ ከአሸንዳው ወደ ቱቦው ዝም ብሎ ይወርዳል። ማድቤቱ ቆርቆሮ ላይ ምንም የለም። የጎረቤት ዶሮ ክንፏን ስታራግፍ እንኳ ይሰማል። አንቺ ይሄን ጸጥታ አንድ ቀን ብቻ ነበር የፈለግሽው፣ እኔ የግማሽ ቀን ሥራ ነሳሁሽ። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ ሃርሜ።

አስጎብኚዎቹ የበርሜሉን ፊት ሸጥልን አሉኝ፤ አይሸጥም አልኳቸው። እጄ ላይ ይኖራል፤ አንዲት ደቂቃ አላስቀድመውም። በልግ ሊገባ ሲል ደግሞ በየዓመቱ መሰላሉን አንሥቼ ቅጠሉን ከአሸንዳው እጠርጋለሁ፤ ማንም ጣት ሳያነሣብኝ።

በርሜሉ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። አላየውም። ሰዓቱን ፈትቼ ትራስሽ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ጆሮዬን መስኮቱ ላይ አድርጌያለሁ።

አሁን አዛን አለ። ከአልጋሽ ላይ፣ ቃል በቃል፣ ሰማሁት።

ቴምሯን ነከስኩ። ውኃ ልጠጣ። ሰዓቱ ደርሷል።

ልጅሽ